የሐሙስ ውሃ

የልጅ ልጄ መስከረም መርሳ ላይ የሰርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። ኮምፒውተሯን ያስቀመጠችው እኔ በምተኛበት ክፍል ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። የማላውቃቸው ሙሽሮች ሲስቁና ሲያለቅሱ እየሰማሁ ነው የምውለው። ጆሮዬ ደህና ነው። ዓይኔም ፊደል ላይ እንጂ ሰው ላይ አያስቸግረኝም። ፊደል የለየሁት ሚስት ካገባሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ይኼን የጻፍሁትን መስከረም ላስተካክልልዎት ብትለኝ እንቢ ብያለሁ። ነውሩ የእኔ ነውና በእኔው እጅ ይጻፍ።

ባለፈው ወር ከወልድያ አንዲት ሴት መጣችብን። ሰሚራ ትባላለች፤ የሀዋ ልጅ ናት። ሀዋ በልጅነታችን ጎረቤቴ ነበረች፤ ዘንድሮ ክረምት ላይ ሞተች። ሰሚራ ስልኳን ለመስከረም ሰጠቻት።

«እናቴ ስትንቀሳቀስና ስትናገር ያለን ይቺ ብቻ ናት» አለቻት። «አስራ አንድ ሰከንድ ናት። ልጆቼ አያታቸውን ሳይጠግቧት ታልቅባቸዋለች። ማርዘም ይቻላል?»

«ይቻላል» አለች መስከረም።

ሰሚራ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ያን ጊዜ ከእናቴ ጋር ስንመጣ አጣንዎት። ግራና ገበያ ሄደዋል ተባልን። እናቴ እኮ በስምዎ ነበር የጠየቀችው።»

«አዎ፣ ግራና ነበርሁ» አልኋት።

ግራና አልነበርሁም። እዚሁ ክፍል ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሀዋ ከወልድያ መጥታ ስሜን ስትጠራ ሰማሁና ምራቴን በእጄ ጠቀስኋት፤ የለም በያት አልኋት። ምራቴም ግራና ሄዷል አለች። በመጋረጃው ቀዳዳ የሀዋን ጫማ አየሁ፣ ጥቁር የላስቲክ ጫማ። «እንግዲያማ ድንጋዩን አይቼ ልሂድ» ስትል ሰማኋት። ቪዲዮው የተቀረጸው ያን ዕለት፣ ከእኔ ደጅ ከተመለሱ በኋላ ነው።

ሰሚራ ቅዳሜ እመለሳለሁ ብላ ሄደች። መስከረም ቪዲዮውን ከፈተችው። ሀዋ አረንጓዴ ሻርፕ ለብሳ፣ ወንዙ ዳር፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ቆማለች። «ድንጋዩ ይኸው፤ እስካሁን አለ» ትላለች። ከዚያ ትንገዳገዳለች፤ ሽማግሌ ሰው እንደሚንገዳገደው ነው። ትስቃለች፤ ልጇን ያዢኝ ብላ እጇን ትዘረጋለች፤ አለቀ።

መስከረም አንድ ነገር ነካካችና ቪዲዮው አዘገመ። የሀዋ ድምፅ የበሬ ድምፅ ሆነ።

«ኧረ እንዲህ አታድርጊያት» አልኋት።

«ቆይ አባባ፤ ድምፁን ለብቻው አወጣዋለሁ። ድምፁ በልኩ ይሄዳል፣ ምስሉ ብቻ ይዘገያል።»

«ከየት አምጥተሽ ነው የምታረዝሚው?»

«ከየትም አላመጣም።»

«የረዘመ ነገር ሁሉ ከአንድ ሰው ይወሰዳል። ከማን ወሰድሽ?»

ሳቀችብኝ። «ከማንም አልወሰድሁም። አንዱን ምስል ሁለት ሦስት ጊዜ አሳየዋለሁ፤ መሃሉን ፕሮግራሙ ራሱ ይሞላዋል። ማንም የሚጎድልበት የለም።»

አፍንጫዬ ላይ ግን አንድ ሽታ መጣ። ኮምፒውተር አይሸትም፣ አውቃለሁ። ሽታው የደረቅ ቦይ ሽታ ነው።

ሰፈራችን ከመርሳ ወደ ግራና ሲሄዱ ወንዙ ዳር ነበር። አሁን ቦዩ ሲሚንቶ ሆኗል፤ ያኔ አፈር ነበር። ሰባት ቀን ሲደርቅ የከረመ ቦይ ውስጥ ውሃ ሲገባ ፊት ለፊቱ ገለባና ጉንዳን እየገፋ ይመጣል፤ ከኋላው ደግሞ የተቃጠለ አፈር ውሃ ሲጠጣ የሚሸተው ሽታ ይነሳል። በባዶ እጄ አፈሩን እየዘገንሁ አሸተው ነበር። በልጉ የቀረበት ዓመት ነው፣ በንጉሡ ጊዜ። በቆሎውን ያቆመው ያ ውሃ ብቻ ነበር።

ውሃው በተራ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእኛና የእትዬ ዘሐራ ነበር። እትዬ ዘሐራ የሀዋ እናት ናቸው፤ ባላቸው ሞቶ ከአንዲት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ። ፀሐይ ከአናት ዘንበል ካለች ጀምሮ የሰው ጥላ ዘጠኝ ጫማ እስኪሆን ውሃው የእኛ ነው። ከዘጠኝ ጫማ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ የእነሱ። ሰዓት ያሰረ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ መቆም፣ የጥላው ራስ የደረሰበት ላይ ጠጠር ማስቀመጥ፣ ከዚያ ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገጠሙ እስከ ጠጠሩ መቁጠር፤ ሰዓታችን ይኼው ነበር።

ተራውን የሚያስከብረው ሰው የውሃ አባት ይባላል። የእኛ የውሃ አባት ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። ያን ዓመት ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው፤ ጥላ መለየት ተሳናቸው። ስለዚህ ልጅ ይለካልን ተባለ። ትልቅ ሰው ሁሉ መሬት አለው፣ ወደ መሬቱ ያዳላል፤ ልጅ ግን መሬት የለውም፤ ለማን ብሎ ይዋሻል? እንዲህ ብለው ተማከሩና እኔን መረጡ። እናት እንዳለኝ ያሰበ አልነበረም።

ቦዩ ራስ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፣ የእኛዎቹም አማተቡ። እጄን ውሃው ውስጥ አስገቡኝ።

«ያየሁትን ጥላ እናገራለሁ በል።»

«ያየሁትን ጥላ እናገራለሁ።»

«አብሽር። በል ቁም።»

ወጉ እንዲህ ነው፤ ጠጠሩን የሚያስቀምጠው ቀጥሎ ተረኛ የሆነው ቤት ሰው ነው፣ ኋላ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ። በሐሙስ ጠጠር የምታስቀምጠው ሀዋ ነበረች። እኩያዬ ናት፤ ከእኔ ትንሽ ትረዝማለች። እኔ እቆማለሁ፣ እሷ ከጥላዬ ራስ ዘንድ ተቀምጣ ጠጠሯን ይዛ ትጠብቃለች። ጋሽ እንድሪስ አጠገባችን ካለው ሾላ ሥር ሆነው ቁጥሬን ያዳምጣሉ። ዘጠኝ ስል «ውሃው ይዙር» ይላሉ፤ ሀዋ የእኛን ቦይ በአፈር ዘግታ የእነሱን ትከፍታለች። ሰው ሁሉ ልጅ ስለሆንሁ «አንተ» ይለኛል፤ ድንጋዩ ላይ ስቆም ግን ትልልቆቹ ሁሉ ጸጥ ብለው ይሰሙኛል። ይኼ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አባቴ ያን በጋ ወባ ጣለው። ጋቢ ተደራርቦለት ይንቀጠቀጣል። ውሃውን የምታጠጣው እናቴ ብቻዋን ሆነች፤ ዶማ ይዛ ከመደብ ወደ መደብ ትሮጣለች። ጥላው ዘጠኝ ጫማ ሲሞላ ሁልጊዜ ከታች ሦስት መደብ ሳይጠጣ ይቀራል። አንድ ሐሙስ ድንጋዩ ላይ ቆሜ አየኋት፤ ዶማውን ጥላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነበር። እያለቀሰች መሰለኝ። ላብ ይሁን እንባ ከሩቅ አይለይም።

የለበስሁት የአባቴን አሮጌ ጋቢ ነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳል። ከጋቢው ውስጥ ጉልበቴን አጠፍ አደረግሁ። ጥቂት ነው። ጥላዬ ወደ እኔ ሰበሰብ አለ። ሀዋ ጠጠሯን አስቀመጠች።

ቆጠርሁ። «... ሰባት፣ ስምንት።» ስምንት ላይ ጠጠሩ ደረሰ።

«ገና ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ። ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዞሩ። «ሙቀቷ ከጎን ሆናብኛለች። ይሁን፣ ልጁ ካለ ካለ ነው።»

ሦስቱ መደቦች ጠጡ። እናቴ ወደ ቤት ስንሄድ «ዛሬ ውሃው በረከት ነበረው» አለችኝ። ለአባቴ ከሠራችው አጥሚት ላይ ቀንሳ ለእኔ ሰጠችኝ። ገና ትኩስ ነው፣ ማር ጠብ ብሎበታል። ምላሴን አቃጠለኝና ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ የልጅ አእምሮዬን ልናገር። የሰረቅሁ አልመሰለኝም። ቀኑን ያስረዘምሁት ነው የመሰለኝ። እኔ ጉልበቴን ሳጥፍ ፀሐይዋ የምትቆምልኝ፣ ወንዙም ተጨማሪ ውሃ የሚያወርድ አድርጌ ነው ያሰብሁት። ማሕላዬንም አላፈረስሁም፤ ያየሁትን ጥላ እናገራለሁ አልሁ፣ ያየሁት ጥላ ደግሞ ስምንት ነው። ሐሙስ በመጣ ቁጥር አጠፍሁ። ጥቂት ጥቂት እያልሁ ጨመርሁበት። ፀሐይ የምትጠልቀው ግን በራሷ ጊዜ ነው፤ እኔ ያስረዘምሁት ሁሉ ከሀዋ ወገን እንደሚቆረጥ ለመገንዘብ ብዙ ሐሙስ ፈጀብኝ። ልክ ነው፣ ልጅ ነበርሁ። ግን ከገባኝ በኋላም አጥፌያለሁ።

ሀዋ ጠጠሯን አስቀምጣ ስትነሳ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች።

«አባትህ ተሻለው?»

«አልተሻለውም።»

ይኼን ብቻ ሰምታ ትሄዳለች። አባቴን ስለምትወደው ይመስለኝ ነበር።

የእነ ሀዋ በቆሎ ዘለላውን ሊያወጣ ሲል ቅጠሉን ጠቀለለ። የእኛ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሲቆም የእነሱ ከሥሩ ጀምሮ ነጣ። ሰው በመንገድ ሲያልፍ «የዘሐራ መሬት አሸዋ ነው፣ ውሃ አይዝም» ይላል። እኔም አብሬ «አሸዋ ነው» እል ነበር። አንድ ቀን ሀዋ እየሰማችኝ አልሁት።

ቀጥሎ ባለው ሐሙስ እትዬ ዘሐራ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ይዘው ጋሽ እንድሪስ ዘንድ መጡ። ሦስት ሽማግሌ ተከትሏቸዋል።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ውሃዬ እየደረሰኝ አይደለም።»

«ልጁ ይለካል፣ ልጅሽም ጠጠር ታስቀምጣለች። ምን ጎደለ?»

«ወላሂ አላውቅም። እናንተው እያያችሁ ይለካ።»

ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሦስት ወገን ቆሙ። አንዱ «ጋቢውን አውልቅ፣ ጥላውን ያወፍረዋል» አለኝ። አወለቅሁ። ቀጥ ብዬ ቆምሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀጥ ብዬ ቆሜ አላውቅም። ቆጠርሁ። ዘጠኝ። ውሃው ዞረ፤ ያን ዕለት የእትዬ ዘሐራ በቆሎ እስከ ታችኛው ጫፍ ጠጣ። ሽማግሌዎቹ አይተው ተመለሱ።

«ይኸው ደረሰ» አሏቸው። «ውሃው እንዳለ ነው። ቦይሽን በደንብ ሳትጠርጊው እየቀረሽ ነው።»

እትዬ ዘሐራ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። አሁን ይሄዳሉ፣ አሁን ያልፉኛል ስል ጎንበስ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

«አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልጄ። የሰው ወሬ ሰምቼ ጠርጥሬህ ነበር።»

ትልቅ ሰው ናቸው፤ እናቴን የሚያህሉ ሴት። እኔን ሕፃኑን አፉ በለኝ አሉኝ። ምን አልሁ መሰላችሁ? «ምንም አይደል» አልሁ። አፌን ሞልቼ። ጋሽ እንድሪስም ከሾላው ሥር «አሏህ ያሳድግህ» ብለው መረቁኝ።

ወሬውን ማን ነገራቸው? ይኼ እንቅልፍ ነሳኝ። የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ጠረጠርሁ። ከእኛ በላይ የምትኖር አንዲት አሮጊት ነበረች፣ እሷ ናት ብዬ ደመደምሁና በደጇ ሳልፍ ፊቴን አዞር ጀመር።

በማግስቱ ሀዋ ውሃ ስትቀዳ አገኘኋት። አንድ ጉንጯ አብጧል፣ ዓይኗ ሥር ቀልቷል። ጥርሷን አሟት መሰለኝ።

«ጥርስሽን ነው?» አልኋት።

እንስራዋን አዝላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ በሐሙስ ጠጠሯን ስታስቀምጥም ስለ አባቴ አልጠየቀችኝም። ኩራት ያዛት ብዬ ተናደድሁባት።

እና ያን ሁሉ ካየሁ በኋላ፣ አፉ ከተባልሁ በኋላ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ምን አደረግሁ? ጋቢዬን ለበስሁና አጠፍሁ። በዚህ ዕድሜዬ የሚያቃጥለኝ ይቺኛዋ ናት። የመጀመሪያዋን ለእናቴ ብዬ ነው እላለሁ፤ ይቺን ለማን ብዬ ነው የምለው? ካቆምሁ እትዬ ዘሐራ ልዩነቱን ያያሉ፣ ይነቃብኛል ብዬ ፈራሁ። በቃ ይኼው ነው። አባቴ እንኳ ያኔ ተነስቶ ከደጅ ፀሐይ መሞቅ ጀምሮ ነበር።

በቆሎው ሲሰበሰብ እኛ ጎታችንን ሞላን። የእትዬ ዘሐራ ለከብት ታጨደ። መሬታቸውን ለሌላ ሰው በእኩል ሰጡት፤ ሀዋን ደግሞ ወልድያ የሰው ቤት እንድትሠራ ሰደዷት። የምትሄድ ዕለት መርሳ አውራ መንገዱ ላይ የጭነት መኪና ሲጠብቁ አገኘኋቸው፤ እኔ ጨው ልገዛ ተልኬ ነው። ሀዋ የእናቷን ጫማ አድርጋለች፣ ሰፍቷት ተረከዟ ወደ ኋላ ይወጣል። ጨርቅ የተቋጠረ ነገር በብብቷ ይዛለች። እናቷ ከሾፌሩ ጋር ሲነጋገሩ ወደ እኔ ተጠጋች።

«አባትህ ተሻለው?»

«ተሽሎታል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። መኪናው ላይ ወጣች።

ወልድያ ምን እንደሆነች አላውቅም ነበር፤ መብራት ያለበት አገር መሆኑን ብቻ ነው የሰማሁት። ዕድለኛ ናት ብዬ ቀናሁባት። በዓመቱ ጋሽ እንድሪስ ናና ለካልን ብለው ሰው ቢልኩብኝ እግሬን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። የታመነ ልጅ እያሉ ሲያነሱኝ ኖሩ።

አርብ ዕለት መስከረም ጠራችኝ።

«አባባ፣ ይኼውልዎት። ፊቷን አቆምሁት፣ ሳቋን አዘገየሁት። አንድ ደቂቃ ሊሞላ ነው። እዚህ መሃል ጋ ግን ጉልበቷ ከድቷት ስትንገዳገድ ትታያለች፤ ሲረዝም ያስጠላል። ልቁረጠው?»

«እስቲ አሳዪኝ።»

አሳየችኝ። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው። ሀዋ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታለች። ቁልቁል ታያለች፤ የምታየው እግሯን አይደለም፣ የጥላዋን ራስ ነው። ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብሰብ ታደርጋለች። ከዚያ ጉልበቷን ታጥፋለች። ሰው ሲወድቅ እንደዚያ አይደለም። ታጥፋለች፣ ጥላዋ ሲያጥር ታያለች፣ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ወደ ልጇ ታያለች፣ ቀና ትላለች። ሳቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ድገሚው» አልኋት። ደገመችው። «አሁንም።»

«አባባ፣ አሞዎታል?»

ሀዋ ያኔ ከጥላዬ ራስ ዘንድ ተቀምጣ ስታየው የነበረው መሬቱን ብቻ አልነበረም። ለእናቷ የነገረችው እሷ ናት። ሽማግሌ ተሰብስቦ እኔ ቀጥ ብዬ ስቆም፣ በሰው ልጅ ላይ ዋሸሽ ተብላ የተመታችውም እሷ። ያበጠ ጉንጯን አይቼ ጥርስሽን ነው ወይ ብያታለሁ።

«አትቁረጪው» አልሁ። «እሱን ነው የምታረዝሚው።»

«ለምን?»

«አርዝሚው አልሁሽ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሰሚራ መጣች። ቁጭ ብላ አየችው። ጉልበቱ ጋ ሲደርስ እያለቀሰች ሳቀች።

«ይቺን ነገር ቤታችንም ታደርጋት ነበር፣ ፀሐይ ላይ ስትቆም። ምንድነው እማ ስንላት፣ በዚህ የተነሳ ውሸታም ተብዬ በጥፊ ተመትቻለሁ ትላለች። ማን እንዳስመታት ጠይቀናት አትነግረንም።»

ክራንቼን አነሳሁ። «ነይ ውጪ» አልኋት። «መስከረም፣ አንቺም ነይ።»

ግቢው መሃል ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ ቆምሁ። «ጠጠር አምጪና የጥላዬ ራስ ላይ አድርጊ» አልኋት። አደረገች። ከዚያ እዚህ የጻፍሁትን ሁሉ ነገርኋት፣ አጥሚቱንም፣ አፉ በለኝ መባሌንም። «እናትሽ ውሸታም አልነበረችም። ውሸታሙ እኔ ነኝ» አልኋት።

መስከረም መሬት መሬት ታያለች።

«ግራናም አልሄዱም ነበር?» አለችኝ ሰሚራ።

«አልሄድሁም። ከመጋረጃው ኋላ ነበርሁ።»

ጠጠሩን አየች፣ እኔን አየች። «እስቲ ቀጥ ይበሉ» አለችኝ። «ምን ያህል ከእናቴ እንደወሰዱባት ልየው።»

ክራንቹን ለመስከረም ሰጠኋት። በሁለት እጄ ጭኔን ገፍቼ ልቃና ሞከርሁ። ጉልበቴ ከታጠፈ ዓመታት ሆኖታል፣ አልዘረጋ አለኝ። ጥላዬ ጠጠሩ ጋ እንዳለ ቀረ። ሰሚራ እየጠበቀች ነው፤ እኔ ግን የታጠፈውን እንጂ የቀናውን ላሳያት አልቻልሁም።